ሁለተኛው ቁልፍ

መጋረጃ ሰፊው ሰው ቶሎ አያምንም። ደንበኛ የመስኮቱን ልክ ጽፎ ቢያመጣለት አመስግኖ ይቀበልና፣ ሰውየው ዘወር ሲል ሜትሩን ኪሱ ከቶ ራሱ ሄዶ ይለካል። ሻጭ ጨርቁ ቀለም አይለቅም ብሎ ቢምልለት ቁራጭ ይለምንና ቤቱ ወስዶ ያጥበዋል። ሰፈርተኛው "ጋሼ ይጣራ" ብሎ ስም አውጥቶለታል። እሱም ያውቃል፤ አይከፋውም።

ዳግመኛ የማይለካው ሚስቱ የለካችውን ብቻ ነበር። እሷ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ጥገና ሠራተኛ ነበረች። ከሥራ ስትወጣ በደንበኞች ቤት በኩል ታልፍና መስኮቶቹን ለክታ ትመጣለች። ወረቀት ላይ ከጻፈችለት ስለሚጥለው ለታብሌቱ ነበር የምትነግረው። "የመኝታ ቤቱ ወርድ አንድ ሜትር ከሰማንያ፣ ቁመቱ ሁለት ከሠላሳ። ሴትየዋ ቢጫ አልወድም ብላለች። አንተ ደግሞ ያንን የቆየ ቢጫህን አውጥተህ እንዳታሳያት።" ድምፁ ከደረጃው ሥር ባለው ቁም ሳጥን ውስጥ በተቀመጠ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ይከማቻል። ራሷ ፈትታ፣ ራሷ ገጥማ፣ ሁለት ሃርድ ዲስክ አስገብታበት የሠራችው ሰርቨር ነው። ጎተራው ትለዋለች። የራሴን እህል በሰው ጎተራ አላስቀምጥም ትል ነበር። መጋረጃ ሰፊው ሱቁ ሆኖ ታብሌቱን ሲነካ ቤት ያለው ጎተራ ይከፈትለታል፤ እንዴት እንደሚከፈት ጠይቆ አያውቅም።

ከሞተች ወዲህ ሌላ ሰው መስኮት አይለካለትም። እሱ ግን መቀሱን ከማንሳቱ በፊት የቆየ ልክ መርጦ ያዳምጣል። መጋረጃው ተሰፍቶ፣ ተሰቅሎ፣ ምናልባትም ፀሐይ በልቶት ወርዷል። እሱ የሚሰማው ልኩን አይደለም። ልጅ አልወለዱም፤ ከእሷ የቀረው ድምፅ ይኸው ነው፤ ያለውም እዚያ ቁም ሳጥን ውስጥ ብቻ ነው።

ጥርጣሬው የጀመረው ኮቱን ሲሰቅል ነው። ኮቱ የሚሰቀለው እዚያው ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከጎተራው በላይ ነው። አመሻሽ ላይ ከሱቅ ሲመለስ ከጎተራው ጎን ያለው የኢንተርኔት ማሰራጫ፣ የራውተሩ መብራት ሲርገበገብ አየ። ታብሌቱ ጠፍቶ ብብቱ ሥር ነው። ከላይ ፎቅ ያለችው ተከራይ ገና ከሥራ አልገባችም። ታዲያ ማነው ኢንተርኔቱን የሚጠቀመው? በማግስቱም እንደዚያው ሆነ። በሦስተኛው ቀን በርጩማ አምጥቶ፣ ቁም ሳጥኑን ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። ተከራይዋ በር ከፍታ ስትገባ እንዲህ ሆኖ አገኘችው።

"አንቺ ልጅ፣ ስልክሽ የት ነው?"

"ደህና አመሹ ጋሼ። እጄ ላይ ነው። ምነው?"

"አጥፊው።"

አጠፋችው። "ቀጥሎስ እጄን ወደ ላይ ላንሣ?"

"ላፕቶፕሽስ?"

"ቢሮ።"

"ሌላ ስልክ የለሽም? የደበቅሽው?"

"ጋሼ፣ ይቺኑ አንዷን ባትሪዋን ሞልቼ ማሳደር አቅቶኛል!"

ጣቱን ወደ መብራቱ ቀሰረ። አሁንም ይርገበገባል። ተከራይዋ በሆስፒታል የኮምፒውተር ክፍል የምትሠራ፣ አፏ የማያርፍ፣ ሟች እንደ ታናሽ እህቷ የምትወዳት ልጅ ናት። መጀመሪያ ሳቀች፤ ራውተር እኮ ዝም ብሎም ብልጭ ይላል አለችው። ዝም ብሎ የሚሠራ ነገር የለም አላት። ፊቱን አየችና ሳቋን ትታ የሟችን ኮምፒውተር ከፈተች።

"ፓስዎርዱን ማን ሰጠሽ?"

"እሷ ናት።"

"ለተከራይ ሰጥታ ለባሏ ያልሰጠች?"

"ለእርስዎ ብትሰጥ ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉታላ! እሷ ናት ያለችኝ፤ እኔ የለሁበትም።"

ስክሪኑ ላይ ትንሽ አየችና ዝም አለች። እሷ ዝም ስትል ነገሩ ከባድ ነው። ጎተራው ከውጭ ለሚመጣ ሰው የሚከፈተው ሟች ባዘጋጀችው የይለፍ ቁልፍ ብቻ ነው ብላ አስረዳችው። ብረት አይደለም፤ መሣሪያው ውስጥ የተቀመጠ ረጅም ምስጢር ነው። ራውተሩ መንገዱን ይለቃል፤ ጎተራው ቁልፉን አይቶ ያስገባል። ተከራይዋ የምታውቀው አንድ ቁልፍ ብቻ ነበር።

"አንዱ የሱቁ ታብሌት ነው። ሁለተኛው ግን..."

"ሁለተኛው ምን?"

"'ቅመም' ነው የሚለው። ማን እንደሆነ አላውቅም። አሁን ውስጥ ነው።"

"አሁን? ቤቴ ውስጥ?" አለና ዞሮ ኮሪደሩን አየ።

"ምን ወሰደብኝ?" አላት ቀጥሎ። "ድምጿን አጠፋብኝ?"

"ምንም አላጠፋም። የሚገባው ወደ አንድ ፎልደር ብቻ ነው። ደግሞ ጋሼ፣ እየወሰደ ብቻ አይደለም። እያመጣም ነው።"

"ሌባ ምን ያመጣል?"

"የድምፅ ፋይል። ትናንትም አምጥቷል።"

እጇን ወደ ማውሱ ስትሰድ ያዛት። ተይው፤ አንቺ ወደ ላይ ውጪ አላት። ከሄደች በኋላ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ የትናንቱን ተጫነ። የወንድ ድምፅ ነው። ሻካራ፣ ቀስ የሚል፣ አፉን ወደ ስልኩ አስጠግቶ የሚያወራ።

"ቅመሜ፣ ዛሬም ዝም አልሽኝ። ያቺን የመጨረሻዋን ደግሜ ሰማኋት። ሰውዬው አጠገብሽ ሆኖ ከሆነ ግድ የለም፣ ሲመችሽ።"

ማዳመጫውን አወለቀ። ሰውዬው እሱ ነው። ሌላ ሰውዬ በቤቱ የለም።

ጆሮውን ድጋሚ ሊያስጠጋ አልደፈረም። በማግስቱ ጠዋት ተከራይዋን ደረጃው ላይ ጠብቆ ቁልፉን ዝጊው አላት።

"ማን እንደሆነ ሳያውቁ?"

"ማወቅ አልፈልግም። መንገዱን ዝጊ። ሁሉንም ዝጊ።"

"ሁሉንም ከዘጋሁ እርስዎም ከሱቅ ሆነው አይሰሟትም እኮ።"

"ይቅርብኝ" አላት።

ራውተሩን ግን ከዚህ በላይ አላመነውም። የኢንተርኔት ድርጅቱ ያስገባው፣ እንደ ብረት ምጣድ የሚግል፣ በየጊዜው መስመር የሚበጥስ ዕቃ ነው። ድርጅቱ ከፈለገ ከሩቅ ገብቶ ሊነካካው እንደሚችል፣ ከፋብሪካውም ማስተካከያ ከተላከለት ረጅም ጊዜ እንደሆነው ተከራይዋ ስትነግረው ደሙ ፈላ። ይኼኔ ነው የራሴን እገዛለሁ ያለው። ቅዳሜ አብረው ወደ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ወጡ።

ሻጩ ገና ከበሩ ተቀበላቸው። ጥቁርና ቀይ የሆነ፣ በጀርባው የተገለበጠ ሸረሪት የመሰለ ዕቃ አወረደ።

"አባቴ፣ ይሄ ስምንት አንቴና አለው! ግንብ ይበሳል!"

"ግንብ የሚበሳ ምን ያደርግልኛል? ጎረቤት ልሰልል ነው?"

"ለጌም አንደኛ ነው!"

"ጌም የምጫወት እመስላለሁ?"

ተከራይዋ አፏን በእጇ ያዘች። ሻጩ ተስፋ ሳይቆርጥ ነጭ፣ እንቁላል የመሰለ ሌላ አመጣ። ይሄ በስልክ ነው የሚታዘዘው አለ፤ አፑን ያወርዳሉ፣ ፋብሪካው ጋ ይመዘገባሉ፣ ከዚያ የትም ሆነው ያዝዙታል።

"እኔ የትም ሆኜ ካዘዝኩት ፋብሪካውም የትም ሆኖ ያዘዋላ?"

"እነሱ ምን በወጣቸው አባቴ!"

"እሱን ነው የጠየቅኩህ። ደግሞ ይሄ ዕቃ ሲታመም መድኃኒቱን የሚልክለት ማነው? እስከ መቼስ ይልክለታል?"

"ኧረ ራውተር አይታመምም!"

መጋረጃ ሰፊው እንቁላሉን በቀስታ መደርደሪያው ላይ መለሰው። የማይታመም ዕቃ የሚሸጥ ሰው ዘንድ ብዙ አይቆምም። ሊወጣ ሲል ተከራይዋ ከታችኛው መደርደሪያ አቧራ የጠጣ አንድ ጥቁር ካርቶን ጎትታ አወጣች። ያለ ማንም ምዝገባ ከቤት የሚስተካከል፣ ፋብሪካው ለዓመታት ማስተካከያ እልክለታለሁ ያለው፣ መልኩ የማያምር ራውተር ነው። መንገድ መስጠቱም መንሳቱም በእርስዎ እጅ ነው አለችው።

"መንሳቱን ነው የምፈልገው" ብሎ ገዛው።

ተከራይዋ አሮጌውን ነቅላ አዲሱን ተከለች። ለዋይፋዩ አዲስ ስምና ፓስዎርድ ሰጠችው፤ ከውጭ ወደ ጎተራው የሚያደርስ መንገድ ግን አልሰጠችውም። ኮቱን ሲሰቅል መብራቱን አየው፤ አይርገበገብም። ደስ ሊለው ይገባ ነበር።

ከዚያ በኋላ ማሰብ ጀመረ። አንድ ቀን ልለካ ብላ ወጥታ ልክ ሳትይዝ ተመለሰች፤ ሰዎቹ የሉም አለችው፤ አመናት። የሥራ ክፍሏን በር ዘግታ ለብቻዋ ስትስቅ ሰምቶ ማን ነው ሲላት የቢሮ ሰው አለችው፤ አመናት። ዓይኗ ቀልቶ ሲያገኛት ስክሪን ላይ አፍጥጬ ነው አለችው፤ ጠብታ ገዝቶላት መጣ። የሰፈሩን ሰው ሁሉ ሲያጣራ የኖረ ሰው፣ አንዷን ሳያጣራ ቀርቶ ተሞኘ ማለት ነው። የሞተ ሰው ደግሞ አይጠየቅም። ሱቅ ውስጥ ታብሌቱ ዝም ብሏል። ቤት ሆኖም ቢሆን ልኮቿን ሊሰማ እጁ አልሄደለትም፤ "ቢጫ እንዳታሳያት" ያለችውን ሲያስታውስ እንኳ ማን አጠገብ ሆና ነበር የምትናገረው ማለት ጀምሯል። በዚያው ሰሞን የአንድ ሐኪም ቤት መጋረጃ ቁመቱን አሳጥሮ ቆረጠ። በሥራ ዘመኑ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶበት አያውቅም።

ተከራይዋ ያጠረውን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ አይታ ነው የተናገረችው።

"ጋሼ፣ መንገዱን ነው የዘጋሁት እንጂ ፎልደሩ እዚያው አለ። ወይ ይስሙት፣ ወይ አጥፊው ይበሉኝ። እንዲህ አንገትዎን ሰብረው ሲዞሩ ማየት አልቻልኩም።"

"ሰምተሽዋል?"

"እኔ የሰው ደብዳቤ አልከፍትም።"

እሁድ ረፋዱ ላይ ተቀመጠ። ከመጨረሻው ሳይሆን ከመጀመሪያው፣ ከሁሉ ከቆየው ጀመረ። የወጣው የወንድ ድምፅ አልነበረም። የእሷ ነው።

"አባዬ፣ ይሰማሃል? ትልቁን ምልክት ተጫንና ተናገር። ስትጨርስ ልቀቀው። በቃ፣ ሌላ ምንም አትነካካ፤ ያኛውን ስልክ እንዳደረግኸው ታደርገዋለህ።"

መጋረጃ ሰፊው ያንኑ መልሶ ተጫነው። "አባዬ" ነው ያለችው።

አባቷን በሕይወቱ ያየው አንድ ጊዜ ነው። የእንጨት ነጋዴ፣ ቁመተ ረጅም፣ ቤቱን በድምፁ የሚሞላ ሰው ነበር። መጋረጃ ሰፊው ሽማግሌዎች ይዞ ልጅቷን ሊጠይቅ ሲሄድ "ለጨርቅ ቆራጭ የምሰጠው ልጅ የለኝም" አለው በሰው ፊት። እሷ ግን ተከትላው መጣች። መጋረጃ ሰፊውም የዚያ ሰው ስም በቤቴ እንዳይነሣ ብሎ ማለ። አልተነሣም። በእሱ ግምት እሷም አባቷን ቆርጣ የጣለች ነበር የመሰለው። ለካ ሁለተኛውን ቁልፍ በአባቷ ስልክ ላይ አስገብታ፣ ስሙን ሳታነሣ ነው ይዛው የኖረችው።

ተራ በተራ ሰማቸው። ሽማግሌው አባቷ ከአልጋ መነሣት አቅቶታል፤ ዓይኑም ደክሟል። አመሻሽ ላይ አስታማሚው ወጣ ሲል ያወራል። ቅመም ይላታል፤ በልጅነቷ ያወጣላት ስም ነው። እሷ ደግሞ ትመልስለታለች። "ሰውዬው ደህና ነው አባዬ። ዛሬ አንዲት ሴትዮ ልክ ይዛለት መጥታ፣ እሺ ብሎ ሸኝቷት፣ ሄዶ ደግሞ ለካው።" ትስቃለች። ያ በር ዘግታ የምትስቀው ሳቅ ነው። ሽማግሌውም "ደግ አደረገ፤ ሰው ይዋሻል" ብሏታል። በሌላው ላይ "ይብላ እንጂ፣ ከሳ ያልሽኝ ምን ሆኖ ነው?" ብሎ ይጠይቃታል።

ከዚያ የእሷ ድምፅ ቆመ። የሽማግሌው ግን ቀጠለ።

"ወንድሞችሽ ሥራ በዝቶባት ነው ይሉኛል። ሥራ ቢበዛባት አባቷን የምትረሳ ልጅ አላሳደግኩም። በዚህ ቤት እኔ ክፍል ሲደርስ ሁሉም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ታመሽ እንደሆነ ንገሪኝ። ሁሉም ይዋሹኛል፤ አንቺ አትዋሺኝ።"

የቀብሯ ዕለት ታናሽ ወንድሟ ጠጋ ብሎ "ለአባባ አልነገርንም፤ ልቡ አይችልም" ብሎት ነበር። የራሳችሁ ጉዳይ ብሎ ፊቱን አዞረበት። ያኔ ደንታም አልሰጠው።

ወደ ደረጃው ወጥቶ ተጣራ። "አንቺ ልጅ! መንገዱን ክፈቺ!"

"የትኛውን?"

"ሁሉንም!"

ተከራይዋ እየሮጠች ወረደች። ቁልፎቹ ጎተራው ውስጥ እንዳሉ ስለነበሩ ለአዲሱ ራውተር መንገዱን መንገር ብቻ ነበረባት። እንደጨረሰች መብራቱ መርገብገብ ጀመረ። ሽማግሌው መንገዱ በተዘጋበት ሰሞን ተናግሮ ስልኩ ውስጥ ታቁረው የቀሩት ድምፆች ሁሉ ተግተልትለው ገቡ። የመጨረሻውን ተጫነ።

"ዘጋሽብኝ ቅመሜ። ገብቼ አንዱንም ልሰማሽ አልቻልኩም። አዘንኩብሽ፤ ክፉም ተናገርኩሽ። በኋላ ግን ተጽናናሁ። ሞታ ነው የሚደብቁኝ ብዬ እፈራ ነበር። በር የሚዘጋ በሕይወት ያለ ሰው ነው። በይ ተቆጪ፤ ብቻ ኑሪልኝ።"

መጋረጃ ሰፊው ትልቁን ምልክት ተጫነ። "አባባ" አለ። ለቀቀው፤ የተቀዳውንም አጠፋው። እንዲህ ያለ ነገር በዚህ አይነገርም። ኮቱን ለበሰና ወጣ።

የአባቷን ቤት በር የከፈተለት ታናሽ ወንድሟ ነው። ሲያየው ፊቱ ጠቆረ፤ ወደ ውጭ ወጥቶ በሩን በጀርባው ገጠመው።

"ምን ልታደርግ መጣህ?"

"አባትህን ላይ።"

"ልትገድለው ነው? ሐኪሙ ምን እንዳለ ታውቃለህ?"

"በእኔ ምክንያት የማይሆን ነገር አምኗል። ያንን እያመነ ትቼው መሄድ አልችልም።"

"ምን አምኗል? አንተ ከየት አወቅህ?"

ከውስጥ ያ ሻካራ ድምፅ መጣ። "ማነው በር ላይ የሚያንሾካሽከው?"

ታናሽየው ክንዱን ያዘው። መጋረጃ ሰፊው እጁን በቀስታ አስለቅቆ ገባ። ቤቱን ይሞላ የነበረው ሰውዬ በሦስት ትራስ ተደግፎ፣ አሮጌ ስልክ ደረቱ ላይ አስቀምጦ ተኝቷል። ዓይኑን ወደ ድምፁ አዞረ።

"ማነህ?"

"ጨርቅ ቆራጩ ነኝ አባባ።"

ሽማግሌው ሌላ ኮቴ እንዳለ አዳመጠ። ከዚያ "ብቻህን ነህ?" አለው።

"ብቻዬን ነኝ።"

ሽማግሌው ስልኩን በአንድ እጁ ጨበጠው። ታናሽየው ሊጠጋ ሲል ሽማግሌው በሌላው እጁ ከለከለው። መቼ ብሎ ጠየቀ፤ ነገረው። ምን ነበር የታመመችው አለ፤ እሱንም ነገረው። ስቃይዋ ረጅም ነበር ወይ አለ፤ እሱንም ሳይቀንስ ነገረው። ሽማግሌው ድምፁን ሳያሰማ አለቀሰ፤ መጋረጃ ሰፊውም ቆሞ ጠበቀ።

"ታዲያ" አለ ሽማግሌው ፊቱን በእጁ ጠርጎ፣ "የዘጋብኝ ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"ለምን?"

"ሌላ ሰው መስለውኝ።"

"ምን ዓይነት ሌላ ሰው?"

"ቅመሜ የሚላት ሰው።"

"እሷን ጠረጠርካት?"

"ጠረጠርኳት።"

"ጅል" አለው። ቀጠለና፣ "እኔም ዘጋችብኝ ብዬ ረግሜአታለሁ። በሞተች በስንት ጊዜዋ።" ወደ ልጁ ዞረ። "አንተ፣ ወንበር አምጣለት። እናንተ አልነገራችሁኝም፤ የነገረኝ ይቀመጣል።"

ወንበር መጣለት። ተቀመጠ። ሽማግሌው ስልኩን በጣቱ እየዳበሰ ትልቁን ምልክት ፈለገና ሳይጫነው ጣቱን አሳረፈበት።

"ይኸን ልትወስድብኝ ነው?"

"አልወስድም። መንገዱ ተከፍቷል። የእሷ ድምፅ ሁሉ አለ።"

"እሱንስ እሰማለሁ። እኔ ስናገር ግን ማን ይመልስልኛል?"

"እኔ እመልሳለሁ። እንደ እሷ ማውራት ግን አልችልም አባባ።"

"አውቃለሁ" አለ ሽማግሌው። "ነግራኛለች።"